የነጻ ፓርኪንግ ዋጋ

ዶናልድ ሹፕ ዕድሜያቸውን የመኪና ነገር ሲያጠኑ ኖረው፣ ራሳቸው ወደ ሥራ የሚመላለሱት በብስክሌት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ተወልደው፣ ከዬል ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ ከ1974 ጀምሮ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) አስተምረዋል። ሌላው ኢኮኖሚስት ንቆ ያለፈውን የቆመ መኪና አንስተው በ2005 ከ700 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ጻፉበት።

እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ እንደ ብዙ የአገሬ ልጆች፣ ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፤ ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሒሳብ እቀበል ነበር። ለማቆሚያ የሚከፈለው ገንዘብ ብዛት ያስደንቀኝ ነበር። ሹፕን ያስደነቃቸው ደግሞ የማይከፈልበት ነው። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው መኪና በነጻ ይቆማል፤ ይህ የሆነው ግን በአጋጣሚ አይደለም። የየከተማው ደንብ ሕንፃ የሚሠራውን ሰው፣ ለዚህን ያህል ስፋት ይህን ያህል ማቆሚያ አዘጋጅ ብሎ ያስገድደው ነበር። ሹፕ ቁጥሩ ከየት መጣ ብለው ቢመረምሩ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ከተማ ከጎረቤቱ የገለበጠው ሆኖ አገኙት። ለአስፋልቱ የወጣው ገንዘብ ታዲያ በቤት ኪራይና በዕቃ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ይመለሳል። እኔ ያኔ መኪና የለኝም፤ ሥራ የምሄደው በአውቶቡስ ነው። ሱፐርማርኬት ገብቼ ወተት ስገዛ ግን ደጅ ለቆሙት መኪኖች ድርሻዬን ስከፍል ኖሬያለሁ!

የመንገድ ዳሩ ማቆሚያ ርካሽ ሲሆንስ? ሹፕና ተማሪዎቻቸው ዩሲኤልኤ አጠገብ ባለው ዌስትዉድ ቪሌጅ ለኩት። አንድ ሾፌር ቦታ እስኪያገኝ በአማካይ 3.3 ደቂቃ ይዞር ነበር። ትንሽ ይመስላል። በ15 ብሎኮች ውስጥ የዓመቱ ሲደመር ግን 950,000 ማይል ሆነ። ምድርን 38 ጊዜ መዞር ማለት ነው፣ ያውም ማቆሚያ ፍለጋ።

መፍትሔ ያሉት፣ በየብሎኩ አንድ ሁለት ክፍት ቦታ እስኪገኝ ዋጋውን ማስተካከል ነው፤ ሲጨናነቅ ይወደድ፣ ጭር ሲል ይርከስ። ይህ ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። አውቶቡስ በሌለበት ሰዓት ከፈረቃ የሚወጣ ሰው በምን ይምጣ? በደንቡ ጉዳይ ግን ተሰሚነት አግኝተዋል፤ ካሊፎርኒያ በ2022 ባወጣችው ሕግ፣ ከዋና ዋና የሕዝብ ትራንስፖርት ጣቢያዎች በግማሽ ማይል ውስጥ ከተሞች ማቆሚያ የማዘጋጀት ግዴታ እንዳይጥሉ በአብዛኛው ከልክላለች።

ከሐሳባቸው ሁሉ የሚማርከኝ፣ ከመንገዱ የተሰበሰበ ለዚያው መንገድ ይዋል የሚለው ነው። በ1993 ኦልድ ፓሳዴና በተባለው ሰፈር የማቆሚያ ሜትር ሊተከል ሲል፣ ነጋዴዎቹ ደንበኛ ይሸሽብናል ብለው ተቃወሙ። ገቢው እዚያው እንደሚውል ቃል ሲገባላቸው ተስማሙ። የእግረኛ መንገዱ ታደሰ፣ ዛፍ ተተከለ፣ መብራት ገባ፤ ገበያውም ደራ።

ሹፕ በፌብሩዋሪ 2025 በ86 ዓመታቸው አረፉ። እኔ አዲስ አበባ ስገባ፣ የቀድሞ ሙያዬ ሆኖ፣ ዓይኔ የሚሄደው መንገድ ዳር ትኬት ወደሚቆርጡት ልጆች ነው። በዋጋው ተከራክሬያቸው አላውቅም። ገንዘቡ የቆሙበትን የእግረኛ መንገድ ያሠራ እንደሆነ ግን እጠይቃለሁ።