ክዳን ያጣ ጉድጓድና የቦቴ ቤንዚን

ከወልዲያ ተነሥቶ በንፋስ መውጫ አድርጎ ገሳይና ደብረ ታቦር የሚደርሰው፣ ከዚያም ወደ ወረታ የሚወርደው መንገድ ላይ የነዳጅ ቦቴ ብርቅ አይደለም። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ዳገት ቁልቁለቱ ለሾፌር ከባድ ነው። ቦቴ የተገለበጠ ዕለት የሁሉም ዐይን መኪናው ላይ ይተከላል። የፈሰሰው ቤንዚን ግን በመንገዱ ዳር ባለው ቦይ ወርዶ ክዳን ያጣ ማንሆል ካገኘ ከዐይን ይሰወራል።

ማንሆል ሠራተኛ ወርዶ የተደፈነ ቱቦ እንዲጠርግ የተተወ መግቢያ ነው። የብረት ክዳኑን ሌቦች ለብረት ሽያጭ ስለሚነቅሉት በአዲስ አበባ ስንት አፉ የተከፈተ ጉድጓድ አለ! ደግ ሰው ካለፈ ቅርንጫፍ ይሰካበታል። ያ ቅርንጫፍ ከመውደቅ ያድናል እንጂ ከትነት አያድንም።

የቤንዚን ትነት ከአየር በሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። መሬት ለመሬት ተስቦ ዝቅ ያለ ቦታ ይሻል፤ ቱቦ ውስጥ ከገባ ቤንዚን ወዳልፈሰሰበት ሰፈር ይዘልቃል። በሜክሲኮዋ ጓዳላሃራ ከተማ ነዋሪው ሽታው አስቸገረን እያለ ለቀናት አቤት ብሎ ነበር። ሚያዝያ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. የፍሳሽ መስመሩ ፈንድቶ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝሙ ጎዳናዎችን ገነጣጠለ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ነዳጁ የመጣው ከተበላ የቤንዚን ቧንቧ ነበር።

ስለዚህ ቤንዚን ሲፈስ ጀሪካን ይዞ መሮጥ ይቅር። ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ሆኖ ወደ ዳገቱ መራቅ ይሻላል። ክብሪት፣ ሲጋራ፣ ከሰል ማንደድ፣ አጠገቡ የቆመ መኪና ማስነሣትም ክልክል ነው። የተከደነውን ማንሆል «እስቲ ልየው» ብሎ መክፈት አደጋውን ይጠራል። በውኃ አጥቦ ወደ ቦይ መስደድም ጉዳቱን ወደ ታች ሰፈር ማሻገር ነው፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ውኃ በርብና በጉማራ ወንዞች በኩል ጣና ሐይቅ እንደሚገባ አይዘንጋ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ጉድጓድ የገባን ሰው ላውጣ ብሎ የሚከተለው ነው። በፍሳሽ ውስጥ የሚፈጠረው፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ጠፋ ብሎ መግባት ሞት ነው። አንዱ ወድቆ ሌላው ሲከተለው ሁለቱም ይቀራሉ። መተንፈሻ መሣሪያና ገመድ ያላቸው እስኪደርሱ ሰውን ከጉድጓዱ አፍ ማራቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ እሳትና አደጋ በ939 ይጠራል፤ ሌላ ቦታ በቅርብ ያለው ፖሊስ። ሲደውሉ ምን እንደፈሰሰ፣ ቦዩ ወዴት እንደሚወርድና የትኞቹ ጉድጓዶች ክዳን እንደሌላቸው መንገር ለደራሾቹ ትልቅ እርዳታ ነው።