ሁለት ድምፅ ያለው ደወል

ከቻይና ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎች ውስጥ ለታናናሾቻችሁ ቤት ውስጥ ልታስረዱት የምትችሉት አንዱ ቢያንጆንግ ነው። ኩባያና ማንኪያ ይበቃል።

ቢያንጆንግ በእንጨት ላይ በተርታ የተሰቀሉ፣ ከውጭ በመዶሻ የሚመቱ የነሐስ ደወሎች ናቸው። በ1978 እ.ኤ.አ. በሁቤይ ግዛት ከአንድ ገዢ መቃብር 65 ደወሎች ወጡ፤ ከተቀበሩ 2,400 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። የሚገርመው፣ አንዱ ደወል መሃሉን ሲመቱት አንድ ድምፅ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲሉ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ፤ የሁለቱም ድምፆች ስም ደወሉ ላይ በወርቅ ተጽፏል!

እንዴት ሊሆን ቻለ? እጀታ ያለው የሻይ ኩባያ አምጡ (የቡና ሲኒ አይሆንም፣ እጀታ የለውማ)። ከእጀታው በተቃራኒ በኩል ጠርዙን በማንኪያ ምቱ። ከዚያ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ሄዳችሁ ድገሙት። ሁለተኛው ድምፅ ቀጠን ይላል። በመጀመሪያው ምት እጀታው አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ክብደቱ ንዝረቱን ያዘገየዋል። በሁለተኛው ግን እጀታው ያለበት ቦታ እምብዛም አይነቃነቅም፤ ንዝረቱ ይፈጥናል።

ደወሎቹ እጀታውን የሚተካ ቅርፅ አላቸው። አፋቸው ክብ ሳይሆን ግራና ቀኙ ሾል ያለ፣ ዓይን የሚመስል ነው። ይህ ቅርፅ ድምፁንም ቶሎ ያጠፋዋል። ክብ ደወል እኮ ከተመታ በኋላ ብዙ ያስተጋባል፤ በሱ ፈጣን ዜማ ብትጫወቱ ድምፆቹ ይደበላለቁባችኋል።