«ጤፍ አለ» ብሎ መጻፍ ለምን አይበቃም? የግብርና ምርትን ለበይነ መረብ ሱቅ ስለ መዘርዘር

ዱርቤቴ ገበያ ጤፍ ሊገዛ የወጣ ሰው ዓይኑን ብቻ አያምንም። ከጆንያው አፍ ዘገን አድርጎ መዳፉ ላይ ይበትነዋል፤ እፍ ብሎ ገለባውን ያያል፤ ጥቂት ወደ አፉ ጥሎ አሸዋ እንዳለበት በጥርሱ ይፈትናል። ከዚያም ክንዱን ወደ ጆንያው ሰድዶ ከሥር ያለውን ከላይ ካለው ጋር ያስተያያል። «ሠርገኛ ነው ነጭ?»፣ «የየት አካባቢ ነው?»፣ «የዘንድሮ ነው የከረመ?» የሚሉት ጥያቄዎች የሚከተሉት ከዚህ በኋላ ነው። ዋጋ የሚነገረውም እነዚህ ሁሉ ከተመለሱ በኋላ ነው።

ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልኩ የሚገዛ ሰው ግን ዘገን ማድረግ አይችልም። የክፍያው ጉዳይ ቀሏል፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብን ከከተማ ከተማ ማስተላለፍ የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ያልቀለለው ምርቱን በቃል የመግለጹ ሥራ ነው። ምርታቸውን በበይነ መረብ ለመሸጥ የሚነሱ ማኅበራትና ነጋዴዎች አብዛኛውን ድካማቸውን ፎቶግራፍ ለማንሣትና ዋጋ ለመጻፍ ያውሉታል። ገዢው በመዳፉ ይመረምረው የነበረውን የሚተካው ግን የምርት ማውጫው ወይም በተለምዶ ካታሎግ የሚባለው ነው። እርሱ በወጉ ካልተዘጋጀ ጉዳቱ ቀድሞ የሚደርሰው በገዢው ላይ ሳይሆን በአምራቹ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የደቡብ አቸፈር አርሶ አደር በንጹሕ አውድማ የወቃውንና ደጋግሞ ያበጠረውን ነጭ ጤፍ ለማኅበሩ አስረከበ እንበል። ጎረቤቱ ደግሞ ገለባና አፈር ያልተለየለትን ሠርገኛ አስረከበ። የማኅበሩ የበይነ መረብ ሱቅ «ጤፍ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ካለው ሁለቱም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። ገዢው የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ዝቅተኛውን ይገምታል፤ ዋጋውም ወደዚያው ይወርዳል። ያበጠረው ሰው የድካሙን አላገኘም ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወይ ማበጠሩን ይተዋል፣ ወይ ምርቱን መንገድ ዳር ለሚጠብቀው ነጋዴ ይሰጣል።

ይህ ችግር ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነበር። ምርቱ በመጋዘን ተቀምጦ ገዢው ሳያየው በአዲስ አበባ ይሸጣል። ስለዚህ በመጋዘኑ ናሙና ይወሰዳል፤ ይመዘናል፤ ደረጃ ይወጣለታል፤ የሚሸጠውም በዚያው ዓይነትና ደረጃ ነው። ቡሬ እንዲህ ያለ መጋዘን ከተከፈተባቸው ከተሞች አንዷ ናት። የሰሊጡን አመዳደብ ያየ ሰው አሠራሩ በቀላሉ ይገባዋል፦ የሑመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ ለብቻው፣ የወለጋ ሰሊጥ ለብቻው ይመደባል፤ እያንዳንዱ ደግሞ በየደረጃው ይከፈላል። «ሰሊጥ» በሚል ስም ብቻ የሚገዛም የሚሸጥም የለም።

የበይነ መረብ ሱቅም የሚሠራው በዚሁ ስሌት ነው፤ የሚጠቀምባቸው ቃላት ብቻ ይለያሉ። ምርቱን ከሌላው የሚለዩት ነገሮች፣ ማለትም ቀለም፣ ንጽሕና፣ አካባቢ፣ የምርት ዘመንና የእሽግ መጠን፣ በባለሙያዎች ዘንድ «አትሪቢዩት» ይባላሉ፤ በአማርኛ መለያ ባሕርይ ብንላቸው ያስኬዳል። በእነዚህ ባሕርያት ጥምረት የሚፈጠረውና የራሱ ዋጋ፣ የራሱ ክምችትና የራሱ ቁጥር ያለው ዕቃ ደግሞ «ቫሪያንት» ወይም ንዑስ ምርት ይባላል። «ጤፍ» ምርት ነው፤ «ነጭ» የቀለም መለያ ነው፤ «ነጭ ጤፍ፣ እህል፣ ባለ 50 ኪሎ» ግን ንዑስ ምርት ነው። ገዢው «ግዛ» የሚለውን ሲነካ የሚያዘው ይህንን የመጨረሻውን ነው።

ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። መለያ ባሕርይ ሁሉ ንዑስ ምርት መፍጠር የለበትም። የጤፉ ቀለም 4 ይሁን፦ ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ። አቀራረቡ 2 ይሁን፦ እህልና ዱቄት። እሽጉም 4 ይሁን፦ 5፣ 25፣ 50 እና 100 ኪሎ። ይህ ብቻ 32 ንዑስ ምርት ነው። በዚህ ላይ 3 የዘር ዓይነት ቢጨመር 96 ይሆናል፤ 5 ቀበሌ ቢጨመር ደግሞ 480። ለእያንዳንዱ ዋጋ ተምኖ ክምችቱን በየዕለቱ የሚቆጥር ሰው በየትኛው ማኅበር ይገኛል? መሣሪያዎቹም ቢሆኑ ዝም ብለው አይሸከሙትም። በዓለም ላይ ከሚታወቁት የሱቅ መሥሪያ ሥርዓቶች አንዱ የሆነው ሾፒፋይ ለአንድ ምርት ከ3 በላይ የአማራጭ ዓይነት አይቀበልም፤ የንዑስ ምርቶቹንም ብዛት ለረጅም ዓመታት በ100 ገድቦት ኖሯል።

መለያው ንዑስ ምርት መሆን አለበት ወይስ በመግለጫው ጽሑፍ ውስጥ ይቅር የሚለውን ለመወሰን ዱርቤቴ ገበያ ላይ የቆመ ሰው የሚያውቃቸው ጥያቄዎች ይበቃሉ። ገዢው ይመርጠዋል? ዋጋውን ይለውጠዋል? በመጋዘን ውስጥስ በተለየ ጆንያ ይቀመጣል? ለሦስቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ ንዑስ ምርት ነው። ቀለምና እሽግ ሦስቱንም ያልፋሉ። ጤፉ የበቀለበት ቀበሌ ግን ብዙውን ጊዜ ዋጋ አይለውጥም፤ ጆንያውም ለብቻ አይቀመጥም፤ ስለዚህ በመግለጫው ቢነበብ ይበቃዋል። ሰፋ ያለው የምርት አካባቢ ስም ሌላ ነገር ነው። የአዴት ጤፍ ወይም የአድአ ማኛ ሲባል አዲስ አበባ ላይ ገዢው ስሙን ጠርቶ ይጠይቃል፤ ዋጋም ይከፍልበታል። እንዲህ ያለውን ስም በመግለጫ ውስጥ መቅበር ኪሣራ ነው። የከረመና የዘንድሮ ምርትም እንዲሁ፦ ዋጋቸው አንድ ከሆነ መግለጫ ይበቃል፤ ከተለያየ ግን መለየት ግድ ነው።

ብዙዎችን የሚያሰናክለው የክምችቱ ቆጠራ ነው። በመጋዘን 10 ኩንታል ነጭ ጤፍ አለ እንበል። መዝጋቢው ባለ 100 ኪሎ 10፣ ባለ 50 ኪሎ 20፣ ባለ 25 ኪሎ 40፣ ባለ 5 ኪሎ 200 ብሎ ቢያስገባ እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ሥርዓቱ ግን ይደምራቸዋል፤ 10 ኩንታሉንም 40 ኩንታል አድርጎ ለሽያጭ ያቀርባል። ስህተቱ የሚታወቀው ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ ነው። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጤፉን አስቀድሞ አሽጎ የታሸገውን ብቻ መቁጠር ነው። ሌላው ክምችቱን በኪሎ ይዞ ከእያንዳንዱ እሽግ ሽያጭ ኪሎውን የሚቀንስ ሥርዓት መጠቀም ነው። ለጀማሪ ማኅበር የመጀመሪያው ይመረጣል፤ ጆንያው ዓይን ስለሚያየው ለመሳሳት አይመችም። በቁናና በጣሳ መለካት ግን ለካታሎግ አይሆንም፤ የአንዱ አካባቢ ቁና ከሌላው ጋር እኩል አይደለምና።

ስም ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ማኛ» በገበያ ቋንቋ እጅግ ነጭ የሆነ ጤፍ ነው። በምርምር ቋንቋ ደግሞ የአንድ ዝርያ ስም ነው። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው «ቁንጮ» የተገኘው ማኛን ዱከም ከተባለው ዝርያ ጋር በማዳቀል ነው፤ ከአንዱ ንጣቱን፣ ከሌላው ምርታማነቱን እንዲወርስ ታስቦ። ታዲያ «ማኛ፣ ነጭ፣ ቁንጮ፣ ሠርገኛ» የሚል ዝርዝር ያወጣ ሱቅ ሁለት ነገር ቀላቅሏል፦ የቀለም ደረጃንና የዘር ስምን። ቁንጮም እኮ ነጭ ነው! ገዢው በሁለቱ መካከል ምን ብሎ ይምረጥ? የቀለም ዝርዝር ለብቻው፣ የዝርያ ስም ለብቻው መቆም አለበት፤ ለእንጀራ የሚገዛ ደንበኛ የሚመርጠውም በአብዛኛው የመጀመሪያውን ነው።

በበቆሎ ላይ ሲሆን ይህ ስህተት ከኪስ አልፎ ማሳ ይደርሳል። በደቡብ አቸፈርና በአካባቢው አርሶ አደሩ «ቢ ኤች 661»፣ «ሊሙ» እና የመሳሰሉትን ድቅል ዝርያዎች በስም ያውቃቸዋል። አንድ ሱቅ ለምግብ የሚሸጠውን እህል «በቆሎ፣ ቢ ኤች 661» ብሎ ቢያወጣው ከሩቅ ያለ አርሶ አደር ለዘር ሊገዛው ይችላል። የድቅል በቆሎ ፍሬ ተመልሶ ሲዘራ ግን ቡቃያው ወጥ አይሆንም፤ ምርቱም ይቀንሳል። ድቅል ዘር በየዓመቱ አዲስ የሚገዛውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ለምግብ» እና «ለዘር» የአንድ ምርት ሁለት አማራጭ ሆነው በአንድ ገጽ ላይ ሊቀመጡ አይገባም። ዘር ተረጋግጦና በሕግ በተፈቀደለት አካል የሚሸጥ፣ ራሱን የቻለ ሌላ ምርት ነው። ለምግብ የሚቀርበው በቆሎ መግለጫ ውስጥ ደግሞ ከዝርያው ስም ይልቅ እርጥበቱ ቢጻፍ ይጠቅማል፤ ከ13 እስከ 14 በመቶ ከሆነው መጠን በታች ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ ይሻግታልና።

የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ በርበሬ ለዚህ ሥራ ጥሩ መለማመጃ ነው። ገዢው የሚመርጠው ምንድን ነው? ዛላው እንዳለ ነው ወይስ የተቀነጠሰ? ወይስ ቅመም ገብቶበት የተፈጨ? ይህ አቀራረብ ነው፤ ዋጋውንም በእጅጉ ይለያያል። ቀጥሎ ቀለሙ ይመጣል፦ ደማቅ ቀዩ ከነጣው ዛላ ጋር አብሮ ከተሸጠ ጥሩው ዋጋውን ያጣል። እሽጉ ሦስተኛው ነው። የተፈጨው ግን ባይሆን ለብቻው አንድ ምርት ሆኖ ቢወጣ ይሻላል። ምክንያቱም የሚጠየቁለት ነገሮች ሌሎች ናቸው፦ ምን ቅመም ገባበት፣ መቼ ተፈጨ፣ እስከ መቼ ይቆያል? ዛላ በርበሬን «መቼ ተፈጨ» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁለት ዕቃዎች የሚጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ከሆነ በአንድ ገጽ ማሰር ባዶ ሣጥን ማብዛት ነው።

ትንሽ የምትመስል፣ ብዙ የምታስቸግር አንዲት ነገርም አለች፤ የፊደላችን ጉዳይ ናት። አንዱ መዝጋቢ «ሠርገኛ»፣ ሌላው «ሰርገኛ» ብሎ ቢጽፍ ለአንባቢ ያው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ገዢው በአንዱ ሲፈልግ ግማሹ ጤፍ ይሰወርበታል። «ኪሎ»፣ «ኪ.ግ» እና «ኪሎ ግራም» እየተቀላቀሉ ሲጻፉም እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ሥርዓቶች እሴቶቹ አንድ ጊዜ ብቻ ተመዝግበው ሠራተኛው ከዝርዝር እንዲመርጥ የሚያደርጉት። ሠራተኛው በየጊዜው በእጁ እንዲጽፍ መተው ለጊዜው ያፈጥናል፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ማውጫውን እንደ ገና ማጽዳት ያመጣል።

ጉዳዩ ሕግም አለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይትም በ2012 ዓ.ም. የራሱ አዋጅ፣ ቁጥር 1205/2012፣ ወጥቶለታል። «ማኛ» ብሎ ሠርገኛ መላክ እንግዲህ በይቅርታ ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ ለመጀመር ኮምፒውተርም ኢንተርኔትም የግድ አያስፈልግም። በተሰመረ ደብተር ላይ በግራ በኩል የንዑስ ምርቱ ቁጥር ይጻፋል፤ ቀጥሎ ቀለም፣ አቀራረብ፣ እሽግ፣ ዋጋና ክምችት በየዓምዱ ይሰመራል። ባዶ የቀረ ወይም ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መልስ የተሞላበት ዓምድ ካለ ያ መለያ ንዑስ ምርት ሊፈጥር አይገባውም ማለት ነው። ወደ መግለጫው ይወርዳል። ኔትወርክ ሲመጣ ሠንጠረዡ እንዳለ ወደ ሥርዓቱ ይገለበጣል። ቁጥሩ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ለሌላ ዕቃ አይሰጥም። የከረመው ጤፍ ቢያልቅ እንኳ መስመሩ ይዘጋል እንጂ አይሰረዝም፤ ባለፈው ወር የገዛው ደንበኛ ቅሬታ ይዞ ቢመጣ በደረሰኙ ላይ የሚገኘው ያ ቁጥር ነው።