በየወሩ ዶላር የማይጠይቅ ቢሮ

አዲስ ድርጅት የከፈተ ሰው ስለ ኮምፒውተርና ስለ ሶፍትዌር ምክር ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ የዋጋ ዝርዝር ነው። ከዋጋው በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። ክፍያው በብር ነው ወይስ በዶላር? መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ነገ ልተወው ብል መረጃዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ? በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘን ርካሽ ነው ተብሎ የሚሸጠው ብዙው አገልግሎት ውድ ሆኖ ይገኛል። ማንም ማስታወቂያ የማይሠራለት ደግሞ አምስት ስድስት ሠራተኛ ላለው ድርጅት ይበቃል።

ከዶላሩ ልጀምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ከ70 ብር አለፈ፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን ተሻገረ። በወር 20 ዶላር ለሚከፈልበት የደንበኛ መመዝገቢያ 1140 ብር ገደማ ያወጣ የነበረ ድርጅት ከ2000 ብር በላይ ለመክፈል ተገደደ፤ አገልግሎቱ ግን ያው ነበር። በዚያ ላይ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘትና በየወሩ በቂ ዶላር እንዲኖርበት ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ክፍያው ሳያልፍ ሲቀር የደንበኛ ዝርዝሩም የሽያጭ መዝገቡም ሊቆለፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር የኪራይ ቤት ነው፤ ያውም አከራዩ የተከራዩን ዕቃ ውስጥ እንዳለ በሩን መዝጋት የሚችልበት።

ስለዚህ ጀማሪ ድርጅት የተቻለውን ያህል የራሱ በሆነ ነገር ላይ ቢቆም ይሻለዋል። የመጀመሪያው ላፕቶፕ ነው። መብራት ሲሄድ ባትሪው ሥራውን ያስጨርሳልና ከዴስክቶፕ ይመረጣል፤ አዲስ መሆን ግን የለበትም። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው የሰጡትን ላፕቶፕ ሦስት አራት ዓመት ከተጠቀሙበት በኋላ በጅምላ ያወጡታል፤ መርካቶና መገናኛ አካባቢ ባሉ ሱቆች ተደርድረው የምናያቸው ያገለገሉ ማሽኖች ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድና የኤችፒ ኤሊትቡክ ተብለው የሚታወቁት ሞዴሎች ከመጀመሪያውም የተሠሩት ለቢሮ ነው። ኪቦርዳቸው ብዙ ጽሕፈት ይችላል፤ በብዙዎቹ ላይ ክዳኑ በተራ መፍቻ ይከፈታል፣ ሜሞሪና ዲስክ ይቀየራል፣ መለዋወጫም አይጠፋም። በተመሳሳይ ዋጋ የሚሸጥ ርካሽ አዲስ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ሜሞሪው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ፣ ማጠፊያውም ስስ ነው። እኔ ያገለገለውን የቢሮ ማሽን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ።

ሲገዛ ግን በደንብ መታየት አለበት። ቻርጀሩን ነቅሎ ሻጩ ፊት ሩብ ሰዓት ማሠራት ብዙ ነገር ይናገራል። ዊንዶውስ ውስጥ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣ ትእዛዝ አለ፤ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘውን መጠንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። አሁን የሚይዘው ከግማሽ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከመሸጫው ላይ ይቀነስ ማለት ተገቢ ነው። ማሽኑ ሲነሳ የባዮስ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ይተው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የማይታወቅ የውጭ ኩባንያ ስም አውጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል አስገቡ ካለም እንዲሁ፤ የቀድሞ ባለቤቱ ከመዝገቡ አላወጣውም፣ የሱቁ ባለሙያ ለጊዜው ቢያልፈውም ሌላ ቀን ይመለሳል። ስምንት ጊጋባይት ሜሞሪና ኤስኤስዲ ዲስክ ካለው ለቢሮ ሥራ ይበቃል፤ የፕሮሰሰሩ ትውልድ ግን ለብቻው መታየት አለበት።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በደንቡ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ጀምሮ ያለውን ነው። ገበያ ላይ ርካሽ ሆነው የሚገኙት የስድስተኛና የሰባተኛ ትውልድ ማሽኖች ከዚህ መስመር በታች ናቸው። እነርሱን ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ እየጫኑ መሸጥ የተለመደ ነው፤ የድርጅትን ገንዘብና የደንበኛን ስም የሚይዝ ኮምፒውተር ላይ ግን ማን እንደነካካው የማይታወቅ ሶፍትዌር መጫን አደጋ ነው። ለእነዚህ ማሽኖች በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሥርዓት አለ። በነጻ ይወርዳል፣ የዊንዶውስ ተጠቃሚ በቀላሉ የሚላመደው መልክ አለው፣ በአሮጌ ማሽን ላይም ይፈጥናል። ካሽ ሬጅስተሩ ወይም ፕሪንተሩ ዊንዶውስ ብቻ የሚፈልግ ከሆነ አንዱን ላፕቶፕ ስምንተኛ ትውልድ አድርጎ መግዛትና ሌሎቹን ወደ ሊኑክስ ማዞር ይቻላል።

ለጽሕፈትና ለሰንጠረዥ ሊብረኦፊስን የሚያህል አላውቅም። ሥሩ ስታር ኦፊስ የሚባል የጀርመን ሶፍትዌር ነው። ሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ገዝቶ በቀጣዩ ዓመት ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አደረገው፤ ኦራክል ሰንን ሲጠቀልል እ.ኤ.አ. በ2010 ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ተለይተው በራሳቸው ማኅበር ሥር ሊብረኦፊስ ብለው ቀጠሉ። ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ፣ ያለ ምዝገባ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራበታል፤ ማውጫዎቹንም በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። አንድ ጉድለቱን መናገር አለብኝ፦ ብዙ ሰንጠረዥና ሥዕል ያለበት የዎርድ ሰነድ ሲከፈትበት ቦታው ይዛነፋል። ለጨረታና ለባንክ የሚላክ ወረቀት በፒዲኤፍ ከወጣ ችግሩ አይደርስም።

በሊብረኦፊስ ሰንጠረዥ የሚሠራ የደመወዝ መዝገብ ምን እንደሚመስል ላሳይ። በአንድ ገጽ ላይ መጠኖቹ ብቻ ይቀመጣሉ፦ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ፣ የገቢ ግብሩ እርከኖች። በሌላው ገጽ የሠራተኞቹ ስምና ደመወዝ ይገባል፤ ስሌቱ መጠኖቹን ከመጀመሪያው ገጽ ያነባል። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የገቢ ግብር ሕጉ ተሻሽሎ ከግብር ነጻ የሆነው ወርኃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2000 ብር ከፍ ሲል፣ እንዲህ ያደራጀ ሰው አዲሶቹን እርከኖች በአንድ ቦታ ጽፎ ጨረሰ። ቁጥሩን በየሠራተኛው መስመር የጻፈው እያንዳንዱን ለቅሞ ማረም ነበረበት፤ ከውጭ በተገዛ ፕሮግራም የሚሠራው ደግሞ ሠሪው እስኪያሻሽለው ይጠብቃል።

የደንበኛ መዝገብ በአማርኛ ሲያዝ ከሌላ አገር የመጣ መመሪያ የማያነሳው ጣጣ አለ። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው ይላል። ፀሐይና ጸሀይ፣ ዓለምና አለም ላይም ይኸው ይደርሳል። በዚህ የተነሳ ዱቤው በሁለት ስም ተከፋፍሎ ሳይከፈል የሚቀር ደንበኛ አለ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ደንበኛው የሚለይበት መለያ የስልክ ቁጥሩ ይሁን፣ ስሙ ለማንበብ ብቻ ይቀመጥ። ቁጥሩም በ09 ወይም በ251 ተብሎ ሳይደባለቅ በአንድ መልክ ይጻፍ። ቀኑም በሁለት ዓምድ ይያዝ፤ በጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነውና ለግብር የኢትዮጵያው፣ ሶፍትዌሩ ቀን እንዲደምርና እንዲቀንስ ደግሞ የፈረንጁ። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ስለገባ፣ ዛሬ አማርኛ በማንኛውም ዘመናዊ ማሽን ላይ ያለ ልዩ ፎንት ይነበባል፤ ኪማን የተባለው ነጻ የፊደል መተየቢያም አለ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፎንት ዓይነቶች የተጻፈ የቆየ ዝርዝር ያለው ግን ሌላ ነገር ከማድረጉ በፊት ወደ ዩኒኮድ ይቀይረው።

ዕቃው ሲበዛ፣ መጋዘኑ ሁለት ሲሆን ሰንጠረዡ አይችልም። ያኔ ኦዱና ኢአርፒኔክስት የተባሉት የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ይታያሉ። ኦዱ እ.ኤ.አ. በ2005 ቤልጂየም ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ኮሚዩኒቲ የሚባለው እትሙ ያለ ክፍያ ይገኛል፣ የተሟላው የሂሳብ መዝገብ ግን በሚከፈልበት እትም ውስጥ ነው። የሕንዱ ኢአርፒኔክስት የሂሳቡን ክፍል ጨምሮ ክፍት ነው። ነጻ ሲባል የፈቃዱ ክፍያ ነው እንጂ የሚተክለው፣ የሚያስተካክለውና ሠራተኛውን የሚያሠለጥነው ባለሙያ ይከፈለዋል። ክፍያው በብር ለአገር ልጅ መሆኑ ያስደስተኛል፤ ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት ማንም ባይገባበት እመርጣለሁ። ሥራው ገና ቅርጽ ሳይይዝ ሥርዓት መትከል ደጋግሞ ያስከፍላል። ከእነዚህ አንዳቸውም ደግሞ የታክስ ሕጉ የሚያስገድደውን የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን አይተኩም።

ለገበያው የቴሌግራም ቻናል፣ ለክፍያው ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቴሌብር በየሰው እጅ ስላሉ ብዙ አልልም። ገንዘቡ መግባቱ የሚረጋገጠው ግን በሻጩ በራሱ ስልክ ወይም ሂሳብ ላይ ነው፤ ደንበኛው የሚያሳየው የስክሪን ፎቶ በቀላሉ ይቀነባበራል።

የቀረው የመረጃው ቅጂ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የደንበኛን ስምና ስልክ የያዘን ሁሉ ኃላፊ ያደርጋል፤ ስለዚህ ቅጂው በይለፍ ቃል ይቆለፍ። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ይበቃል፦ አንዱ ቢሮ፣ ሌላው ቤት፣ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ይቀያየራሉ። በወር አንድ ጊዜ ከቤት የመጣው ዲስክ በሌላ ላፕቶፕ ላይ ይሰካ፣ የደመወዙና የደንበኛው ፋይል ይከፈት፣ የመጨረሻው የተመዘገበ ሽያጭ ቀንም ከቢሮው መዝገብ ጋር ይመሳከር።