ጤነኛውን ፈረስ ማወቅ

ክሊኒክ የሚመጣ ፈረስ ታሞ የመጣ ነው። የጋሪ ፈረሶችን ሳክም የኖርኩት እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ልጓሙን ይዞ ይቆማል፣ እኔ ቁስሉን አያለሁ፣ ትኩሳቱን እለካለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ቀጣዩ ይገባል። ያ ፈረስ ደህና በነበረበት ቀን እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚበላ፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት ጆሮውን ወዴት እንደሚያዞር አላውቅም። ከክረምቱ አጋማሽ እስከ ኅዳር ድረስ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ የፈረስ እርባታ ለመሥራትና ግልቢያ ለመሠልጠን ስገባ ፍላጎቴ ይኸው ነበር። ጤነኛ ፈረስ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በየቀኑ ማየት።

የጋጣው ኃላፊ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከፈረስ ጋር ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ እሳቸው ደግሞ «ዶክተር ልጄ» ይሉኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ ገብስ ከመሰፈሩ፣ ጋጣ ከመጠረጉ በፊት በየበሩ እየቆሙ ይመለከታሉ። ማታ የቀረበው ድርቆሽ አልቋል? ውኃው ምን ያህል ጎድሏል? ፋንድያው የት የት ወድቋል፣ ደርቋል ወይስ ላልቷል? የተነጠፈው ገለባ ተቆፍሯል? ይህን ሁሉ አይተው ሲጨርሱ ነው መጥረጊያ የሚነሳው። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ቀድሞ ጠርጎ ከተገኘ ይቆጣሉ፤ «የሌሊቱን ወሬ ጠርገህ ጣልክብኝ» ይሉታል።

አንድ ቀን ጠዋት ከዳማዋ ባዝራ በር ላይ ቆሙና ጠሩኝ። ድርቆሿን ከግማሽ በላይ አስተርፋለች። ቆማለች፣ አይኗ ንቁ ነው፣ አትንከባለልም፣ መሬትም አትቆፍርም። እኔ ብቻዬን ባልፍ ኖሮ ደህና ናት ብዬ አልፍ ነበር። «ይቺ ልጅ ከቀረበላት አታስተርፍም። ሆዷን አዳምጪልኝ» አሉኝ። በግራና በቀኝ ከላይም ከታችም ማዳመጫዬን አስደገፍኩ። በግራ በኩል መሰማት የነበረበት የአንጀት ድምፅ ከሞላ ጎደል የለም። የልብ ምቷ ከሌላው ቀን ከፍ ብሏል። የሆድ ቁርጠት ሊጀምራት ነው። እህል ከለከልናት፣ መድኃኒት ሰጠናት፣ ቀስ እያልን አንሸራሸርናት፤ ከሰዓት በኋላ ፋንድያ ጣለች።

ክሊኒክ ውስጥ የማውቀው የሆድ ቁርጠት ሌላ ነው። ሌሊቱን ሲንከባለል አድሮ፣ ላብ አጥምቆት፣ ጎኑ ተልጦ የሚመጣ ፈረስ ነው። ፈረስ አያስመልስም፤ የገባው ነገር ወደ ላይ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ጨጓራውም ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ግጦሽ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከቀኑና ከሌሊቱ ውስጥ አብዛኛውን ሰዓት ጥቂት በጥቂት እየበላ ነው የሚውል የሚያድረው። ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት ውሎ ማታ አንድ ጊዜ ፉርሽካ የሚቀርብለት ፈረስ ለምን ሆዱን እንደሚታመም ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። በቁርጠት ሰዓታት ዋጋ አላቸው። እነዚያን ሰዓታት የሚያተርፈው ደግሞ ሐኪሙ ሳይሆን ማለዳ በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስታወሻ ያዝኩ። መጽሐፉ የጎልማሳ ፈረስ የልብ ምት በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው ይላል፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16። ትክክል ነው። ግን ሰፊ ነው። በእርባታው ውስጥ ያለ አንድ ሽማግሌ ሰንጋ ፈረስ በዕረፍት ላይ 30 አካባቢ ነው የሚመታው፤ አንዲት ቅንዝንዝ ወጣት ባዝራ ደግሞ 42 ትደርሳለች፣ ፍጹም ጤነኛ ሆና። ሽማግሌው 42 ቢመታ መጽሐፉ ደህና ነው ይለዋል፤ እኔ ግን አሁን አላምነውም። የእያንዳንዱን ፈረስ የራሱን ልክ የማያውቅ ሐኪም ያለው አማራጭ በሽታው ከመጽሐፉ ድንበር እስኪያልፍ መጠበቅ ነው።

ክረምት የሰኮና ጠላት ነው። ጋጣው ምንም ቢጠረግ ጭቃና እርጥበት ከሰኮናው ሥር አይጠፋም፤ ስለዚህ አራቱም እግሮች በየቀኑ ይነሣሉ። ትከሻው አጠገብ ፊትን ወደ ጭራው አዙሮ መቆም፣ እጅን ከትከሻ ጀምሮ ሳያነሡ ወደ ታች መውሰድ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለውን ጅማት ጫን ማድረግ፤ የለመደ ፈረስ እግሩን ራሱ ይሰጣል። ከዚያ ከተረከዝ ወደ ጣት መጥረግ። በሰኮናው መሃል ባለው ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ግራና ቀኝ ያሉት ስንጥቆች ውስጥ ጥቁር እርጥበትና የሚከረፋ ሽታ ካለ መበስበስ ጀምሯል። ጋሼ ከመጥረጋቸው በፊት መዳፋቸውን ሰኮናው ላይ ያሳርፉና ከሌላኛው እግር ጋር ያነጻጽራሉ። አንዱ ከሌላው ከሞቀ ዛሬ ኮርቻ አይጫንም። ማንከስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥልጠናው ደግሞ እጄን ቀየረው። ገና ያልተገራች ባዝራ ገመድ ይዘን ስናስለምድ የሥራው ቁልፍ መሳቡ ላይ አልነበረም። ገመዱ ቀስ ብሎ ይጠብቃል፤ ባዝራዋ አንድ እርምጃ ስታነሣ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ይላላል። ፈረስ የሚማረው ሲላላለት ነው። አንድ ሁለት ሰከንድ ካዘገያችሁ የትኛው ሥራዋ እንደተወደደላት አታውቅም። አቀራረቡም እንዲሁ ነው። ፈረስ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የማያየው ግንባሩ ፊት ለፊትና ልክ ከጭራው ኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ በትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰሙ፣ ሳይጣደፉ። ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ ስለሚበዛ ከንፈሩን በገመድ አስረን እንመረምራለን። አሁን ፈረሱ አንገቱን ዝቅ እስኪያደርግ እጄን ትከሻው ላይ አሳርፌ እቆያለሁ። የደነገጠ ፈረስ የልብ ምት ስለ በሽታው የሚነግረኝ ነገር የለም።

መስከረም ሲጠባ ሌላ ጥንቃቄ መጣ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ቫይረስ የምታስተላልፈው ትንሽ ነካሽ ዝንብ ከዝናብ በኋላ ትበዛለች፤ የምትወጣውም በተለይ ከጀንበር መጥለቅ እስከ ማለዳ ነው። ፈረሶቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋጣ ይገባሉ፤ ክትባቱ ወቅቱ ከመድረሱ በፊት ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ባለሀብት ለሚያረባው ፈረስ ነው፣ ለጋሪ ፈረስ አይሆንም የሚለኝ የሥራ ባልደረባ ብዙ ነው። ድርቆሹንና ጋጣውን በተመለከተ እውነት አለው፤ የዕለት እንጀራውን በጋሪ የሚያገኝ ሰው እንደ እርባታው ሊቀልብ አይችልም። ግን ማለዳ ማየትና ማታ መዳሰስ ገንዘብ አይጠይቅም። በወይና ደጋ ከተሞቻችን የጋሪ ፈረስን የሚጨርሰውን የፈንገስ በሽታ እንውሰድ፤ በቁስል በኩል ይገባና ከቆዳ ሥር እንደ ዶቃ እየተደረደረ ይፈርጣል፣ ያዣል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው እግሩን ወይም ደረቱን ከወረሰ በኋላ ስለሆነ ለማዳን እጅግ ያስቸግራል። የመጀመሪያዋን እብጠት የሚያገኛት ማታ ማታ ፈረሱን የሚያብስ እጅ ነው። የሚፍቀውን ዕቃ ማስተካከል፣ ከሥሩ ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ማድረግ፣ የታመመ ፈረስ ዕቃ አለመዋዋስም ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

ዕውቀቱም ባዕድ አይደለም። ባልደራስነት በቤተ መንግሥት ማዕረግ ነበር። በአዊ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚወጣው ፈረስ ዓመቱን ሙሉ በባለቤቱ ዓይን ሥር የኖረ ነው፤ የፈረሰኞቹ ማኅበርም ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ አለ። ከዚህ ዕውቀት የራቀው ክሊኒካችን ነው።

ስለዚህ የእንስሳት ሕክምና የምታስተምሩ ባልደረቦቼን እለምናለሁ፤ ተማሪዎቻችሁ የታመመ ፈረስ ከመንካታቸው በፊት አንድ ወቅት ጤነኛ ፈረስ ባለበት ጋጣ ያሳልፉ። ፋንድያ ይጥረጉ፣ ሰኮና ያንሡ፣ የእያንዳንዱን የልብ ምት በእጃቸው ይጻፉ። የጋሪ ባለቤቶች ደግሞ ወደ እኛ ስትመጡ ፈረሱ ትናንት ምን ያህል እንደበላ፣ ምን ያህል እንደጠጣና መቼ ፋንድያ እንደጣለ ይዛችሁልን ኑ። የምርመራችን ግማሹ እሱ ነው።