ከወይን ቁራጭ ጋር አብረው የሚጓዙት

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ሰሞን ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት በገዳማችን የወይን ዳስ ሥር ቆመው፣ ጣት የምታህል ቁራጭ ከሐረጉ እንድንሰጣቸው ለመኑን። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ወስደው በደብራቸው ቅጥር ሊተክሏት አስበዋል። «ለመሥዋዕቱ የሚሆነውን ዘቢብ ከገበያ ነው የምንገዛው፤ ከቅድስት አገር የሄደች ሐረግ ብታፈራልን ምን አለበት አባቶቼ?» አሉን። በቤተ ልሔም ያገለገለ ሰው የዘቢብን ጭንቀት ያውቃልና ልመናቸው ልባችንን ነካው። ይሁን እንጂ አልሰጠናቸውም። ቅር ብሏቸው ሄዱ። ተመሳሳይ ጥያቄ ከተሳላሚዎች በየጊዜው ስለሚቀርብልን፣ የከለከልንበትን ምክንያት በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽ ወደድን።

ቁራጯ ብቻዋን አትሄድም። ጤነኛ በሆነ ወይን ሥር፣ ግንድና ቅጠል ውስጥ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ባክቴሪያ ሲባል ብዙዎቻችን በሽታን ብቻ እናስባለን፤ ከእነዚህ መካከል ግን ተክሉን ሳይጎዱ የሚኖሩ፣ አልፎ ተርፎም የሚጠቅሙት ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ከአፈር ይመጣሉ። አዲስ የጎን ሥር ከዋናው ሥር ሲወጣ ቆዳውን ይሰነጥቃል፤ በዚያች ስንጥቅ ገብተው ውኃ ወደ ላይ በሚወጣባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጓዛሉ። ሌሎቹ በቅጠል ቀዳዳ ወይም በአበባ በኩል ይገባሉ። ወይን ደግሞ እንደ ስንዴ ከዘር ሳይሆን ከቁራጭ የሚባዛ በመሆኑ፣ በእናቲቱ ግንድ ውስጥ ያሉት ወደ ልጂቱ ይሻገራሉ።

በዚህ ረገድ በሚገባ ከተጠኑት አንዱ ፓራበርኮልደሪያ ፋይቶፈርማንስ ይባላል፤ ስሙ ለአፍ ይከብዳል። መጀመሪያ የተገኘው ከሽንኩርት ሥር ነው። በፈረንሳይ አገር በሻምፓኝ የወይን ምድር በምትገኘው በራንስ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ አረንጓዴ ብርሃን በሚሰጥ ምልክት ባክቴሪያውን ለይተው በሻርዶኔ ወይን ችግኞች ሥር ላይ አኖሩት። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ከሥሩ ገጽ ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ በግንዱ በኩል እስከ ቅጠሉ መድረሱን አሳዩ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ባክቴሪያውን የተቀበሉ ችግኞች 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብርድን ካልተቀበሉት በተሻለ መቋቋማቸውን፣ በውስጣቸውም ብዙ የስታርች ስንቅ ማከማቸታቸውን ገለጹ።

ይህ የሚሆንበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። ተክል ሲጨነቅ ኢቲሊን የተባለ ጋዝ ያመነጫል፤ ሲበዛም የሥሩን እድገት ይገታዋል። ባክቴሪያው ኢቲሊን የሚሠራበትን ጥሬ ነገር እየሰበረ ይመገበዋል፤ ሥሩም እፎይ ብሎ ያድጋል። ሌሎች ደግሞ በዙሪያቸው ያለውን ብረት እየሰበሰቡ ጎጂ ሻጋታዎችን ያስርባሉ። የተክሉን መከላከያ አስቀድመው የሚያነቁም አሉ፤ ሌባው ሳይመጣ ዘበኛውን እንደ መቀስቀስ ያለ ነው።

ነገር ግን በዚያው የውኃ ቧንቧ የሚኖር ጠላትም አለ። ዛይሌላ ፋስቲዲዮሳ የተባለው ባክቴሪያ የተክል ፈሳሽ በሚመጥጡ ነፍሳት አማካይነት ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል፤ ቧንቧው ሲደፈን ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ እንደ ተለበለበ ይደርቃል። በካሊፎርኒያ የወይን እርሻዎችን ያወደመው፣ ኒውተን ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1892 ያጠናው በሽታ መንሥኤው ይኸው ነው። በደቡብ ኢጣሊያ ከ2013 ወዲህ ስንት ዘመን ያስቆጠሩ የወይራ ዛፎችን አድርቋል። እኛንም የሚያሳስበን፣ በዚህች አገር በሰሜን በሁላ ሸለቆ በሚገኙ የለውዝ ዛፎች ላይ መገኘቱ ነው። የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ከላይ ያነሣነውን ወዳጅ ባክቴሪያ በወይን ውስጥ አስገብተው ሞክረው፣ የፒርስ በሽታ ጉዳት መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል። ወዳጅና ጠላት በአንድ ቧንቧ ውስጥ ይኖራሉ ማለት ነው፤ የትኛው እንዳለ ደግሞ በዓይን አይለይም። ለምለም ሆና የምትታይ ቁራጭ በሽታውን ይዛ ልትሻገር ትችላለች። ከአገር ወደ አገር ተክል ለማሳለፍ ፈቃድና ምርመራ የሚጠየቀው ስለዚህ ነው፤ በሻንጣ ሥር በጨርቅ ተጠቅልላ የምትሄደው ግን በዚያ በር አታልፍም።

ዳሳችንን በተመለከተ፣ ባለፈው ነሐሴ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ሲደርቅ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከአባቶች አንዱ የመዳብ መድኃኒት ይረጭ አሉ። መዳብ ሻጋታን ይከላከላል፤ ነገር ግን በአፈር ውስጥ እየተጠራቀመ የአፈሩን ሕይወት ይጎዳል፤ ለደረቀ ሥርም አይረዳም። ባለሙያ አስመጥተን ስናሳይ ችግሩ የውኃ ጥም ሆኖ ተገኘ። ሥሩን የሸፈነውን ንጣፍ ድንጋይ በአንድ ክንድ ስፋት አንሥተን ብስባሽ አለበስነው፤ ማታ ማታ ውኃ እናጠጣዋለን። ተሳላሚዎች ሆይ፣ ያንን ቦታ እንዳትረግጡብን አደራ።

ለእናታችንም በማግስቱ ጥቂት ዘቢብ ቋጥረን ሰጠናቸው፤ በዝዋይ አካባቢ ወይን በስፋት እንደሚለማ፣ ችግኝም ከዚያው ከአገራቸው ቢፈልጉ እንደሚሻል ነገርናቸው። «ዝዋይማ የእኅቴ ልጅ አለ» ብለው ስልካቸውን አወጡ።