እያንዳንዱ ሴል ስንት ብርሃን ይደርሰዋል?

«የስፒሩሊና ገንዳ ላይ መብራቱን ሌት ተቀን አብሩት፤ ምርቱ እጥፍ ይሆናል» የሚል ምክር ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። በዚህ የተነሣ ሰው ገንዘቡን በአምፖልና በመብራት ክፍያ ሲጨርስ ዝም ማለት አይቻልም።

አልጌ በብርሃን ምግቡን እንደሚሠራ ሁላችንም ተምረናል። (ስፒሩሊና በምደባው ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ልዩነት አያመጣም።) ምክሩ የዘለለው ቀጥሎ ያለውን ነው። ክሎሮፊል ብርሃንን በቅጽበት ይለቅማል፤ ካርቦኑን የሚያስሩት ኢንዛይሞች ግን ዝግ ያሉ ናቸው። ወፍጮ ላይ ኩንታሉን በአንዴ ቢገለብጡት ድንጋዩ በራሱ ፍጥነት እንጂ አይፈጭም፤ የተረፈው ይፈሳል። ብዙ ዝርያዎች በካሬ ሜትር በሰከንድ ጥቂት መቶ ማይክሮሞል ፎቶን ሲያገኙ ይጠግባሉ፤ የጠራ ቀትር ፀሐይ ግን ወደ 2000 ይጠጋል። ትርፉ ኃይል በሙቀት መልክ ካልወጣ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይፈጥራል፤ ዲ1 የተባለው ፕሮቲንም ይሰበራል። ሴሉ ያለማቋረጥ ይጠግነዋል። ስብራቱ ጥገናውን ሲቀድም ግን ብርሃን በጨመረ ቁጥር ምርት ይወርዳል።

ይህ የሚሆነው የገንዳው ውሃ ገጽ ላይ ነው። ከሥር ያሉት ሴሎች በዚያው ሰዓት ጨለማ ውስጥ ናቸው፤ የላይኞቹ ጋርደዋቸዋል። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ታሊንግና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለብርሃን አስተፃምሮ የሚበቃ ብርሃን እዚያ አንድ ሜትር እንኳ እንደማይወርድ አሳይተዋል። ሐይቁ ግን ለምርታማነት ከተገመተው ጣራ የሚጠጋ ነበር፤ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ የያዘው አልጌው ራሱን በራሱ መጋረዱ ነበር።

ገንዳ የሚማሰለውም ሴሎቹ ብርሃንና ጥላ እንዲፈራረቁባቸው ነው። እዚህ ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ፦ የማማሰል ጥቅም ከፍርርቁ ነው ወይስ የተጠራቀመ ኦክስጅንን ከማስወጣቱና ካርቦንን ከማዳረሱ? በቤተ ሙከራ በጣም ፈጣን ፍርርቅ እንደሚጠቅም ታይቷል፤ ተራ ገንዳ ግን እንዲያ በፍጥነት አይገላበጥም። ስለዚህ እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

የሌሊት መብራት ጨርሶ አይረባም አልልም፤ አልጌ በጨለማ ያጠራቀመውን ስኳር እያቃጠለ ክብደት ይቀንሳልና። ሆኖም ከአምፖሉ ኤሌክትሪክ ወደ ምርት የሚገባው ትንሽ ነው፤ የቀን ፀሐይ ግን በነፃ ይመጣል። አዲስ የተዘራ፣ ውሃው ገና ስስ የሆነ ገንዳ መጀመሪያ የሚፈልገው የጥላ መረብ ነው። አረንጓዴው ሲደምቅ መረቡ ይነሣ፤ ሲወፍር ደግሞ ከፊሉ ቶሎ ይታጨድ።